በ«ደብልዩ» የሚጀምሩ ዘፈኖች፤ «እኛ» የሚለው ማን ነው?

በየትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ ክበብ ውስጥ አንድ የታወቀ ጨዋታ አለ። አንድ ፊደል ይመረጥና እያንዳንዱ ተማሪ በዚያ ፊደል የሚጀምር ቃል ያመጣል፤ ያጣ ይወጣል። እስቲ በዚህ ዕትም ጨዋታውን ሰፋ እናድርገውና በቃል ፋንታ የምዕራባውያን ዘፈን እንልቀምበት። ፊደላችን «ደብልዩ» ነው።

ለምን «ደብልዩ» ተመረጠ ብትሉ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእንግሊዝኛ መጠየቂያ ቃላት ባብዛኛው የሚጻፉት በዚህ ፊደል ነው። ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ ማን፣ የቱ ለማለት ሲፈለግ እርሳሳችን መጀመሪያ የሚጽፈው «ደብልዩ»ን ነው። ሁለተኛ፣ «ዊ» ማለትም «እኛ» የሚለው ቃል የሚጀምረው በዚሁ ፊደል ነው። ሁለቱን ስናጋጥማቸው አንድ ጥሩ ጥያቄ እናገኛለን፦ ዘፋኙ «እኛ» ሲል ማንን ማለቱ ነው? እኛስ አለንበት ወይ?

ለስደተኛ ይሄ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ስለ ስደተኛና ስለ ረሃብተኛ ብዙ ተዘፍኗል፣ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ፎቶ ተነስቷል። ባለጉዳዩ ራሱ አፉን ከፍቶ ሲናገር የሚደመጥበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ዘፈኖች በዜማቸው ብቻ አልመዘንናቸውም። ማን ይናገራል? ለማን? ስለማን? እያልንም ፈትነናቸዋል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ከዘፋኞቹ አንዱ ጃማይካዊ፣ አንዷ ኮሎምቢያዊት፣ አንዱ ደግሞ ትውልደ ሶማሊያ ካናዳዊ ነው። ዘፈኖቻቸው ወደ እኛ የደረሱት በምዕራቡ የሙዚቃ ገበያ በኩል ስለሆነ አብረን ቆጥረናቸዋል። ዓመቶቹ ደግሞ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አነባበብም አንድ ነገር እናስቀድም። በእንግሊዝኛ «ኤ» የሚባለው ፊደል ከ«ደብልዩ» ቀጥሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ድምፁ ወደ «ኦ» ይሄዳል። ጦርነት ማለት የሆነው ቃል «ዋር» ሳይሆን «ዎር» ነው፤ ውሃም «ዋተር» ሳይሆን «ዎተር» ነው። በተቃራኒው ደግሞ «ኦ» ተጽፎ ወደ «ኣ» የሚጠጋ አለ፤ «ዋንደርፉል» እንደሚለው። ተማሪ ይህን በደንብ መልክ ከሚሸመድደው በዘፈን ቢሰማው ቶሎ ይዘልቀዋል።

1. «ዎት ኤ ዋንደርፉል ወርልድ»፣ ሉዊ አርምስትሮንግ (1967)

ለጀማሪዎች ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ዘፋኙ አይቸኩልም፤ ቃላቱን አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ቀለማት፣ ዛፍ፣ ሰማይ፣ ቀንና ሌሊት፣ የሚጨባበጡ ወዳጆች፣ የሚያለቅሱ ሕፃናት አሉበት። ግሶቹም ባብዛኛው የአሁን ጊዜ ናቸው። የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ጊዜ ሰምቶ ብዙውን ይይዘዋል።

ታዲያ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይቺ ዓለም ምኗ ነው የሚያምረው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። ዘፈኑ በተቀረጸበት በ1967 አሜሪካ ሰላም አልነበረችም። ኒውዋርክና ዲትሮይት በዘር ግጭት ተቃጥለዋል፤ የቬትናም ጦርነትም ተፋፍሟል። አርምስትሮንግ በ1901 በኒው ኦርሊንስ ከድሃ ቤተሰብ የተወለደ፣ ጥቁር በመሆኑ የደረሰበትን ሁሉ ያየ ሰው ነው። በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ሲከለከሉ መንግሥቱን በአደባባይ ወቅሶ፣ በመንግሥት ስም ወደ ሶቭየት ኅብረት ሊያደርገው የነበረውን ጉዞ አልሄድም ብሏል። እንግዲህ የዓለምን ክፋት ሳያውቅ የዘፈነ የዋህ አይደለም።

ዘፈኑን የሚያስከብረው ሌላም ነገር አለ። «እኛ» አይልም፤ «እኔ» ነው የሚለው። እኔ አያለሁ፣ እኔ እሰማለሁ ይላል እንጂ እናንተም ይህን ማየት አለባችሁ ብሎ ማንንም አያስገድድም። የሰው ስሜት ውስጥ ሳይገባ የራሱን ይመሰክራል። የገጠመው ዕድልም ይገርማል። የቀረጸው ኩባንያ ኃላፊ ስላልወደደው አሜሪካ ውስጥ አላስተዋወቀውም፤ ያኔ እዚያ የተሸጠው አንድ ሺህ ቅጂ እንኳ አይሞላም። በእንግሊዝ ግን በ1968 አንደኛ ወጣ። አሜሪካኖች በደንብ ያወቁት ዘፋኙ በ1971 ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1987 ስለ ቬትናም በተሠራ ፊልም ውስጥ ከጦርነት ትዕይንት ጋር ሲሰሙት ነው።

2. «ዎትስ ጎይንግ ኦን»፣ ማርቪን ጌይ (1971)

ርእሱ «ምን እየሆነ ነው» ማለት ነው። መምህራን ልብ በሉ፤ በጥያቄ ቃል ቢጀምርም የጥያቄ ምልክት የለውም። ለምን ይሆን? መልስ ፍለጋ ብቻ አይደለም የተዘፈነው፤ እየሆነ ያለውንም ይነግረናል። ለአንድ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ ይህ ብቻውን በቂ ነው።

የዘፈኑ መነሻ ከአሜሪካ ጎዳና ነው። ፎር ቶፕስ የተባለው ጓድ አባል ኦቢ ቤንሰን በ1969 በበርክሌይ ከተማ ፖሊስና ወጣቶች ሲጋጩ አየና ሐሳቡ መጣለት። የማርቪን ጌይ ወንድም ደግሞ ቬትናም ዘምቶ ተመልሶ ነበር፤ የነገረው ነገር ማርቪንን እንቅልፍ ነስቶታል። የሞታውን ኩባንያ ባለቤት ቤሪ ጎርዲ ግን «ይሄ አይሸጥም» በሚል ተቃወመ። በጃንዋሪ 1971 ሲወጣ ገበያው ስለተሻማው በዚያው ዓመት ሙሉ አልበም ተከተለው።

ለእኛ ጆሮ የሚቀርበው አጠራሩ ነው። ዘፋኙ ሰውን በስም አይጠራም፤ እናት፣ ወንድም፣ አባት እያለ ነው የሚጣራው። የማያውቁትን ሰው እማማ፣ ወንድሜ፣ አባባ ብሎ መጥራት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ውሃ ስንቀዳም፣ ራሽን ስንሰለፍም የምንጠራራው በዚሁ ነው። እዚህ ላይ «እኛ» የሚለው ቃል እምብዛም ሳያስፈልግ ሰሚው ቤተሰብ ሆኗል። ፖሊሱም፣ ሰልፈኛውም፣ ልጁን ያጣችው እናትም በአንድ ቤት ገብተዋል። ጉድለት ካለው፣ ዜማው በጣም ስለሚጥም ሰው መልእክቱን ሳይሰማ እየተወዛወዘ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ግጥሙን አንብቡ፤ ከዚያ አዳምጡት።

3. ሁለት ዘፈኖች፣ አንድ ስም፦ «ዎር»

የመጀመሪያው «ዎር» በ1970 በኤድዊን ስታር የተዘፈነው ነው። ይህንንም ያወጣው ሞታውን ነው። ቀድመው የቀረጹት ቴምፕቴሽንስ ነበሩ፤ አድማጮቻቸው እንዳይቀየሙ ተፈርቶ ለስታር ተሰጠና በአሜሪካ ለሦስት ሳምንት አንደኛ ሆነ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌሎች በጩኸት ይመልሳሉ፤ ስለዚህ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ለማለማመድ ይመቻል። ጦርነት ከንቱ ነው ይላል፤ ጦርነት ከየት እንደሚመጣ ግን አይነግረንም። ጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ሰው የመጀመሪያውን መስማት አዲስ ነገር አይሆንበትም። ሁለተኛውን ነው መወያየት የሚፈልገው።

እዚያ ላይ የሚደርስልን የቦብ ማርሌይ «ዎር» ነው፤ በ1976 ወጣ። ግጥሙ ከሞላ ጎደል የተወሰደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦክቶበር 4 ቀን 1963 በኒው ዮርክ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ካደረጉት ንግግር ነው። ንጉሡ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። ማርሌይ የዘፈነው የእንግሊዝኛውን ነው። እስቲ አስቡት፤ በአማርኛ የተነገረ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ፣ በጃማይካ ሬጌ ሆኖ፣ በካሴትና በስልክ ተመልሶ እኛ ጋ ደረሰ። የአማርኛውን ጽሑፍ ማግኘት የሚችል መምህር ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያስተምር የትርጉም ትምህርት ማለት እሱ ነው።

የንግግሩ አቀማመጥም ለትምህርት ይመቻል። «እስከዚህ ድረስ ሰላም አይኖርም» የሚል ቅድመ ሁኔታ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል፤ አንዱ ዘር ከሌላው ይበልጣል መባሉ እስኪቀር፣ የሰው መብት ለሁሉም እኩል እስኪሆን እያለ። ምክንያቱን ያስቀምጣል፤ ኤድዊን ስታር የዘለለውን ማለት ነው።

ተናጋሪው ራሳቸውም ስደትን ያውቁታል። ጣልያን አገራቸውን ሲወር በ1936 ጄኔቭ ሄደው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ብለዋል፤ እስከ 1941ም እንግሊዝ አገርና ሌላም ቦታ በስደት ቆይተዋል። በ1963ቱ ንግግራቸውም ያንን የጄኔቭ ቀን አንስተውታል። ይሁን እንጂ ንግግርን ማድነቅ አገዛዝን ማድነቅ አይደለም። ያ ስለ ሰው እኩልነት የተነገረ ቃል፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የተሸፋፈነበትን ዘመን አያጸዳም፤ ንጉሡም በ1967 ዓ.ም. መባቻ ከሥልጣን ወርደዋል። ጥሩ ቃል ከተናጋሪው ሊበልጥ ይችላል። በክርክር ክበብ ለመወያየት ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም፤ ብቻ ሳትጣሉ ተከራከሩ።

4. «ዊንድ ኦፍ ቼንጅ»፣ ስኮርፒየንስ (1990)

በአጭሩ እንለፈው። ዘፋኞቹ ጀርመኖች ናቸው፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይደለም። ይሄ ብቻውን ለተማሪ ብርታት ነው። በሁለተኛ ቋንቋ ተጽፎ ዓለም ያወቀው ዘፈን ነው። ክላውስ ማይነ የጻፈው በኦገስት 1989 ሞስኮ በተደረገ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከተካፈለ በኋላ ነው። የበርሊን ግንብ በኖቬምበር ከፈረሰ ወዲህ የዚያ ዘመን መዝሙር ሆነ። የምሥራቅና የምዕራብ ሰዎች ወንድማማች ይሆናሉ የሚል ተስፋ አለው። ሩሲያ በ2022 ዩክሬንን ስትወር ግን ጓዱ መድረክ ላይ የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ቀየረ። «እኛ» የሚባለው ነገር አንዴ ተዘፍኖ የሚያልቅ አይደለም፤ ሲፈርስ ዘፈኑም ይታረማል።

5. «ዊ አር ዘ ወርልድ»፣ ዩኤስኤ ፎር አፍሪካ (1985)

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። «እኛ ዓለም ነን» ማለት ነው። ይህን ዘፈን የማያውቅ ካምፕ የለም፤ በዓለም የስደተኞች ቀን፣ በምረቃ፣ እንግዳ ሲመጣ ይዘመራል። ስለ እኛ አገር የተዘፈነ መሆኑን የማያውቁ ልጆች ግን ብዙ ናቸው።

በ1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው ረሃብ በቴሌቪዥን ሲታይ መጀመሪያ በእንግሊዝ የቦብ ጌልዶፍ ጓድ በ1984 መጨረሻ ዘፈን አወጣ። እሱን አይቶ አሜሪካዊው ዘፋኝ ሃሪ ቤላፎንቴ «እኛስ?» አለ። ማይክል ጃክሰንና ላየኔል ሪቺ ጻፉት፤ ኩዊንሲ ጆንስ መራው። በጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ማታ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከአርባ በላይ ዝነኞች ተሰብስበው ሌሊቱን ሙሉ ቀረጹት። ኩዊንሲ በሩ ላይ «ኩራታችሁን እዚህ ትታችሁ ግቡ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ነበር። ከዘፈኑና ከተያያዙት ሽያጮች ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገኝቷል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ገንዘብ እህልና መድኃኒት ተገዝቷል። ዘፋኞቹም ያለ ክፍያ ነው የዘፈኑት። ስለዚህ የምንለው ሁሉ ምስጋናውን አያስቀርም። ባለውለታን ማመስገን ባህላችን ነው፤ ሥራውን መመርመር ግን የተማሪ ሥራ ነው።

ግጥሙን ወረቀት ላይ ጻፉትና «እኛ»ን በአንድ ቀለም፣ «እነሱ»ን በሌላ ቀለም አስምሩበት። «እኛ» ሰጪው ነው፤ «እነሱ» ተቀባዩ ነው። የዓለም ሰው ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው ይባልና፣ የተራበው ግን ቤተሰቡ ውስጥ ሆኖ አይናገርም። ስለ እሱ ይነገራል። የአገሩ ስም አይጠራም። ከድርቁ ጋር የነበረው ጦርነት አይነሳም፤ እህል የጠፋው ዝናብ ስለቀረ ብቻ ይመስላል። ከአፍሪካ የመጣ አንድ ዘፋኝ እንኳ አልነበረበትም።

የዚያ ሌሊት ሁለት ታሪኮች ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርጉታል። ስቲቪ ዋንደር ጥቂት የስዋሂሊ ቃላት ይግቡበት ብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ስዋሂሊ አይነገርም ተባለና ቀረ። ኬንያ ካምፕ ያለን ሰዎች ይሄን ስንሰማ ሳያስቀን አይቀርም፤ እኛ ስዋሂሊ የተማርነው በስደት፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስንገዛ ነው! ሁለተኛው፣ በዚያው ሌሊት ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶች የስቲቪ ዋንደር እንግዳ ሆነው ስቱዲዮ መጥተው ዘፋኞቹን አመስግነዋል። እንባ የተናነቃቸው ነበሩ። እንግዲህ ባለጉዳዮቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ ማለት ነው። ማይክራፎኑም ተከፍቶ ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ግን ድምፃቸው የለም።

ለማነጻጸር ከራሳችን ፊደል በ«ወ» ቤት አንድ እንጨምር፦ የጥላሁን ገሠሠን «ዋይ ዋይ ሲሉ»። እሱም ስለ ረሃብ ነው። ሁለቱን በተከታታይ አዳምጡና ማን ቀርቦ እንደሚያይ፣ ማን ከሩቅ እንደሚያይ ራሳችሁ ፍረዱ። የእኛ ፍርድ ይሄ ነው፦ «ዊ አር ዘ ወርልድ» መልካም ሥራ ነው፤ እንደ ዘፈን ግን ግማሹ ሰው የጎደለበት «እኛ» ነው። ይዘመር፤ ሲዘመር ግን ልጆቹ «እኛ»ው ውስጥ እንጂ «እነሱ» ውስጥ ቆመው አይዘምሩት።

6. «ዊ ሻል ኦቨርካም»

የጎደለው «እኛ» ሞልቶ የሚገኘው እዚህ ነው። ይህ ዘፈን አንድ ደራሲ የለውም ቢባል ይሻላል። ብዙዎች ሥሩን የሚያገኙት በፊላዴልፊያ ቄስ ቻርልስ ቲንድሊ በ1901 አካባቢ በታተመ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው። ያ መዝሙር «እኔ» ነበር የሚለው። ከ1945 እስከ 1946 በደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ከተማ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ጥቁር ሴቶች፣ ለደመወዝ ሥራ አቁመው በተሰለፉ ጊዜ በብርድ ቆመው ዘመሩት። በዚያ ሰልፍ ላይ «እኔ» የነበረው «እኛ» ሆኖ ተሰማ። ቴኔሲ ውስጥ የነበረው የሃይላንደር ትምህርት ቤት መምህርት ዚልፊያ ሆርተን ከእነሱ ተማረችው። ፒት ሲገር ከእሷ ተቀብሎ «ዊል» የነበረውን «ሻል» ወደሚለው አዞረው። በ1960 ጋይ ካራዋን ለተማሪዎች አስተማረው። በኦገስት 28 ቀን 1963 በዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ጆን ባዬዝ መራችው። በማርች 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ራሳቸው የርእሱን ቃል ለምክር ቤቱ ባደረጉት ንግግር ውስጥ ተጠቀሙበት።

እዩት እንግዲህ፤ ከቄስ ወደ ሠራተኛ፣ ከሠራተኛ ወደ መምህርት፣ ከመምህርት ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ቤተ መንግሥት። የሄደው ከታች ወደ ላይ ነው። «እኛ» ያሉት ችግሩ ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። እንግሊዝኛው በሦስት ቃል የሚለውን እኛ በአንድ ግስ እንለዋለን፤ «እንወጣዋለን»። «እኛ» ተብሎ ባይጠራም ግሱ ውስጥ ገብቷል። «እናሸንፋለን» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ስህተት አይደለም። ቢሆንም «ኦቨርካም» ከድል ይልቅ ችግርን ተሸክሞ ማለፍን ስለሚይዝ «እንወጣዋለን» ይቀርበዋል እንላለን። ተከራከሩበት።

አዘማመሩም እንደ ቡሄ ሆያ ሆዬ ነው፤ አንድ አውጪ አለ፣ ሌላው ይቀበላል። በየቦታው እንደ ችግሩ አዲስ ስንኝ ስለሚጨመርበት ክፍላችሁም የራሱን ሊጨምር ይችላል። የባለቤትነት ክርክሩም በ2018 አሜሪካ ውስጥ አብቅቶ የሕዝብ ሀብት ሆኗል።

አንድ ቅሬታ ግን እናውቃለን። ዘፈኑ የሚያልፈው «አንድ ቀን» ነው ይላል። አሥራ አምስት ዓመት ካምፕ የቆየ ሰው «አንድ ቀን» ሲባል ሊሰለቸው ይችላል። እውነቱን ነው። የቻርልስተን ሴቶች ግን ዘፈኑን የዘፈኑት እየጠበቁ አልነበረም፤ ሰልፍ ላይ ቆመው ነበር። ቃሉን ከሥራው ለይተን ካየነው ይሰለቻል።

7. የ2010 ዓለም ዋንጫ ሁለት «ደብልዩ»ዎች

ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው የ2010 ዓለም ዋንጫ ሁለት ዘፈኖች ነበሩ፤ ሁለቱም በፊደላችን ይጀምራሉ። «ዋካ ዋካ» የሻኪራ ነው፤ ፍሬሽሊግራውንድ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ባንድ አብሯት ተጫውቷል። ሁሉም የሚያውቀው አዝማች የተወሰደው ግን በ1986 ካሜሩናውያን ከሠሩት «ዛንጋሌዋ» ከተባለ ዘፈን ነው፤ ዘፋኞቹ የፕሬዚዳንቱ ክብር ዘበኛ አባላት ነበሩ። ለኳስ ሜዳና ለስፖርት ቀን ጥሩ ነው፤ ያስጨፍራል። ከጭፈራው በኋላ የካሜሩኖቹንም ፈልጋችሁ አሰሙ። የራስን ዜማ በሌላ ሰው አፍ ብቻ ማወቅ ደግ አይደለም።

ሁለተኛው «ዌቪን ፍላግ» ነው፤ «የሚውለበለብ ባንዲራ» ማለት ነው። ዘፋኙ ኬናን በ1978 ሞቃዲሾ የተወለደ፣ በ1991 ጦርነቱ ሲጀመር በልጅነቱ የሸሸ፣ በመጨረሻ ካናዳ የገባ ስደተኛ ነው። እንግሊዝኛን የተማረው እንደኛው በኋላ ነው። ከሶማሌ ጎረቤቶቻችን ጋር የምንጋራው ዘፈን ቢኖር ይሄ ነው። አነባበቡም ይጠቅማል፤ «ወ»ና «ቨ» በአንድ ቃል ውስጥ ስላሉ ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ይለማመድበታል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ዘፈን ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው በ2009 «ትሩባዶር» በተሰኘው አልበሙ ውስጥ የወጣው ነው። ስለ ድህነት፣ ስለ ጦርነት፣ ስላልተፈጸመ ቃል ይናገራል፤ ባንዲራው የመጣው ከዚያ ሁሉ ኑሮ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ኮካ ኮላ ለዓለም ዋንጫው የተጠቀመበት ነው። ጦርነቱና ድህነቱ ወጥቶ ደስታና ጨዋታ ገባበት። በየስልካችን ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይሄኛው ነው። ኬናን ራሱ በ2012 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈው ጽሑፍ ሰፊ ገበያ ለማግኘት ሲባል ዘፋኝ የራሱን ቃል እንዴት እንደሚያለዝብ ስለ ራሱ ተናግሯል።

«ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይ ባለጉዳዩ ማይክራፎን አላገኘም። እዚህ ላይ ማይክራፎኑን አገኘ፤ ታሪኩ ግን ተቀነሰበት። ለእኛ ይህ ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው ይልቅ ቅርብ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምንናገር፣ ለፕሮጀክት ሲጻፍ የትኛውን ታሪካችንን እንደምናወጣና የትኛውን እንደምንደብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የ2009ኙን ፈልጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና የጠፉትን ስንኞች ቁጠሩ።

ለክፍል እንዴት እንጠቀምባቸው?

መብራት ባይኖርም አንድ ስልክና አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይበቃል። ለጀማሪዎች የአርምስትሮንግን፣ ለመካከለኞች «ዊ ሻል ኦቨርካም»ንና «ዌቪን ፍላግ»ን፣ ለከፍተኞቹ የማርቪን ጌይንና የማርሌይን ስጡ። መጀመሪያ ያለ ወረቀት ይሰማ። ቀጥሎ ግጥሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና «እኔ»፣ «እኛ»፣ «እናንተ»፣ «እነሱ» ይሰመርባቸው። ከዚያ ጥያቄው ይጠየቅ፦ እዚህ ውስጥ እኛ የትኛው ጋ ነን?

ከሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉን «ዊ ሻል ኦቨርካም»ን እንመርጣለን። ባለጉዳዮቹ ራሳቸው የሠሩት፣ ማንም ያልቀነሰው፣ ማንም ሊጨምርበት የሚችል እሱ ነውና።

የቤት ሥራም እንስጥ። እያንዳንዱ ክበብ በ«ወ» ቤት ከሚገኙ ፊደላት፣ ከወ፣ ዉ፣ ዊ፣ ዋ፣ ዌ፣ ው ወይም ዎ በአንዱ የሚጀምር አንድ አጭር ዘፈን ይጻፍ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይሁን። ሕጉ አንድ ነው፦ «እኛ» ስትሉ ማን ማን እንደሆነ የሚሰማችሁ ሰው ይወቅ። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን። መልካም ማዳመጥ!